ለወፈረ ልጅ የቱ ይሻላል? ጂም፣ ክሊኒክ፣ የቴሌግራም ፕላን ወይስ የራሳችሁ ኩሽና

"ሲመዘዝ ይከሳል፣ ተዉት" የሚለውን ምክር ያልሰማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ለአንዳንድ ሕፃን እውነት ይሆናል። ልጁ እያደገ በሄደ ቁጥር ግን፣ በተለይ አፍላ ወጣትነት ላይ ከደረሰ፣ ውፍረቱ አብሮት እስከ አዋቂነት የመዝለቅ እድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ዝም ብሎ መጠበቅን ከምርጫ ውስጥ አላስገባውም። ግራ የሚያጋባው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንዱ "ጂም አስገቡት" ይላል። ጓደኛ ቴሌግራም ላይ ያገኘችውን የምግብ ፕላን ትልካለች። አያት ደግሞ "ምን ሆነ ልጄ፣ አማረበት እንጂ" ብለው ሌላ ጉርሻ ይጠቀልላሉ።

የምጽፈው መሃል ከተማ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር አካባቢ ለምትኖሩ ወይም ለምትሠሩ ወላጆች ነው። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ልጁን ብቻ ለይቶ "አንተ ተቀየር" የሚል ፕሮግራም ዋጋው ምንም ይሁን ምን አይመረጥም። የሚመረጠው አስቤዛ የሚገዛውን፣ ወጥ የሚሠራውንና ማዕድ የሚጋራውን ሰው ሁሉ የሚያስገባው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።)

ከመምረጣችሁ በፊት አስለኩት

በዓይን መፍረድ አይሆንም። ስልክ ላይ ባለ የአዋቂ ማስያ መለካት ደግሞ ይብሳል። ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ ቁመቱ 1.40 ሜትር፣ ክብደቱ 45 ኪሎ ነው እንበል። 45ን ለ1.40 ሁለት ጊዜ ስታካፍሉት 23 ገደማ ይመጣል። ቢኤምአይ የሚባለው ቁጥር ይኼ ነው። ለአዋቂ 23 ጤነኛ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ2007 የልጆች ሰንጠረዥ ግን ለ10 ዓመት ወንድ ከ18.5 በላይ ከሆነ ክብደቱ ከመጠን አልፏል፣ ከ21.4 በላይ ከሆነ ደግሞ ውፍረት ውስጥ ገብቷል ይባላል። ስልኩ "ኖርማል" ያለው ልጅ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ነው ማለት ነው። መስመሩ በዕድሜና በፆታ ይለያያል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሂዱና፣ ጫማና ጃኬት አውልቆ ተለክቶ፣ በዕድሜው ሰንጠረዥ ላይ የት እንዳለ አሳዩኝ በሉ።

ፕሮግራም ከመፈለጋችሁ በፊት ሐኪም ማየት ያለበት ልጅም አለ። አንገቱ ዙሪያ ወይም ብብቱ ውስጥ ቆዳው ጠቆርና ወፈር ብሎ ከፋይ ጨርቅ የሚመስል ልጅ አንዱ ነው። ብዙ እናቶች እድፍ መስሏቸው በሳሙና ይፈትጉታል። ቢታጠብ አይለቅም፤ ሰውነቱ ኢንሱሊንን እንደሚገባው እየተጠቀመ እንዳልሆነ የሚጠቁም ምልክት ነው። ሲተኛ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል፣ ውሃ እየጠማው ሽንት የሚያመላልሰው፣ ዳሌውን ወይም ጉልበቱን እያመመው የሚያነክስም እንዲሁ። ቁመቱ ቆሞ ኪሎው ብቻ የሚሄድ ልጅ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ብዙ በመብላት የወፈረ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከእኩዮቹ ረዘም ይላል፣ አጥሮ ሲወፍር ግን የሆርሞን ችግር ሊሆን ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ልጅ ካላችሁም ለሐኪሙ ንገሩት፣ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። እነዚህን ካያችሁ ሪፈር አጽፋችሁ ጥቁር አንበሳን ወደመሰለ የሕፃናት ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል ሂዱ።

ክሊኒክ ብቻውን

የክሊኒክ ትልቁ ጥቅም ደህንነት ነው። ደም ግፊት ይለካል፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ጉበት ይመረመራል፣ የተደበቀ ሕመም ካለ ይወጣል። ይህን ሌላ ማንም አይሠራላችሁም።

የሚጎድለው ጊዜ ነው። በሦስት ወር አንዴ 20 ደቂቃ ብትገቡ በዓመት 80 ደቂቃ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2023 ባወጣው መመሪያ የሚመክረው ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት፣ ፊት ለፊት፣ ከቤተሰብ ጋር ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ታዩታላችሁ። በ2007 የታተመ ነው፣ ልጆቹ ከ8 እስከ 16 ዓመት ናቸው። አንዱ ወገን በየስድስት ወሩ ክሊኒክ እየመጣ ተመከረ። ሌላው ወገን ከቤተሰቡ ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣ ስፖርት ሠራ፣ ስለ ምግብና ስለ ባህርይ ተማረ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ። በዓመቱ መጨረሻ በክሊኒክ ምክር ብቻ የቆዩት በአማካይ 7.7 ኪሎ ጨምረዋል። ፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩት 0.3 ኪሎ ብቻ። ለሚያድግ ልጅ ቁመቱ እየጨመረ ኪሎው መቆሙ ትልቅ ውጤት ነው።

ስለዚህ ክሊኒኩን አትተዉት፣ ግን እሱን ብቻ ይዛችሁ "ሕክምና ላይ ነን" አትበሉ።

ጂምና ስፖርት

ወላጅ በጣም የሚወደው አማራጭ ይኼ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘብ ከፍሎ ልጁን አድርሶ መመለስ ይቻላል። ስፖርት ለልብ፣ ለእንቅልፍ፣ ለስሜት፣ ለስኳር ሁሉ ይጠቅማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሞቅ እንቅስቃሴ ይመክራል። ኪሎ የመቀነስ ኃይሉ ግን ብቻውን ሲሆን ትንሽ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የሰጠውን ጉልበት ለማቃጠል ያ የ10 ዓመት ልጅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጠን ብሎ መራመድ አለበት። እኛ ደግሞ ከስልጠና ሲወጣ "ጎበዝ" ብለን ለስላሳና ቦምቦሊኖ እንገዛለታለን።

ሌላም አለ። የእግር ኳስ ፕሮጀክት ላይ ሄዳችሁ ዳር ቆማችሁ እዩ። ወፍራሙን ልጅ በረኛ ያደርጉታል። አንድ ሰዓት ሙሉ ጎል መሃል ቆሞ ይመለሳል፣ ጎል ሲገባበት ደግሞ ይሰደባል። አሰልጣኙን "ልጄ ከአንድ ሰዓቱ ስንቱን ደቂቃ ይንቀሳቀሳል?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ቦታ ፈልጉ። የአዋቂ ጂም ለታዳጊ አልመክርም። መስታወቱ፣ የሰዉ ዓይን፣ ማሽኑ፣ ሁሉም ለአዋቂ ነው የተሠራው። ዋና ካገኛችሁ ለከባድ ልጅ በጣም ደስ የሚል ነው፣ መገጣጠሚያውን አይጎዳም። ቴኳንዶም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ሰው እኩል ይንቀሳቀሳል፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም።

ነፃውን አትናቁት። ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለው የእግረኛ መንገድ አሁን ሰፊ ነው፣ ከሥራ ስትወጡ ልጁን ይዛችሁ በእግር መሄድ ትችላላችሁ። መስቀል አደባባይ በማለዳ ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሞልቷል። በ2018 መጨረሻ የተጀመረው "መንገድ ለሰው" በሚኖርበት እሁድም መንገዱ የልጆች ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ እናንተም ትንቀሳቀሳላችሁ።

የቴሌግራም ፕላን

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። የሚሸጠው ፒዲኤፍ ብዙውን ጊዜ ኦትሚል፣ ብሮኮሊና ሳልመን ይላል። ቤተሰቡ ሽሮ በእንጀራ ሲበላ ልጁ ለብቻው ሳህን ይዞ ይቀመጣል። ሁለተኛ ሳምንት ላይ ያልቃል። በዬሉ ጥናትም የተዘጋጀ የምግብ ዝርዝር የተሰጣቸው ልጆች አብዛኞቹ አቋርጠዋል፤ የቆዩት ከቤታቸው ምግብ ውስጥ የተሻለውን መምረጥ የተማሩት ናቸው።

ዕድሜውን፣ ቁመቱንና የሚወስደውን መድኃኒት ሳይጠይቅ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው ዝጉት። "በወር 8 ኪሎ" የሚለውንም። ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ቢቀንስ እንኳ በወር ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው የሚመከረው፣ ለብዙዎቹ ደግሞ ኪሎው ባለበት ቆሞ ቁመቱ እንዲደርስበት መጠበቅ ይበቃል። የማቅጠኛ ሻይ ለልጅ በፍጹም አትስጡ፤ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለባቸው አሉ፣ ልጁ የሚያጣው ውሃ ነው። ስለ ማቅጠኛ መርፌዎቹም ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ12 ዓመት ጀምሮ የተፈቀዱ አሉ፣ ግን በሐኪም ትእዛዝና ከአኗኗር ለውጥ ጋር ነው። ከቴሌግራም ተገዝቶ ቤት ውስጥ የሚወጋ ነገር አይደለም።

በኦንላይን የሚሠራ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ትክክለኛ የሥነ ምግብ ባለሙያ በየሳምንቱ በቪዲዮ ከእናትም፣ ከአባትም፣ ምግብ ከምትሠራዋም ጋር የሚያወራ ከሆነ፣ ትራፊኩን አስቀርቶላችኋልና ተጠቀሙበት።

የቤተሰብ ፕሮግራም

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከላይ ያሉት ሁሉ ውስጡ ሊገቡ ይችላሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሊዮናርድ ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ ልጅንና ወላጅን አብረው ያከሙበትን ፕሮግራም የ10 ዓመት ውጤት በ1990 አሳትመዋል። ወላጅም ልጅም አብረው የተቀየሩበት ቡድን ከ10 ዓመት በኋላም የተሻለ ነበር። እስራኤል ውስጥ ሞሪያ ጎላን በ1998 ከዚህም አልፋ ሄደች። ከ6 እስከ 11 ዓመት ያሉትን ልጆች ትታ ወላጆቹን ብቻ አሰለጠነች። ልጆቹ ራሳቸው ከሰለጠኑበት ቡድን የወላጆቹ ቡድን ልጆች የተሻለ ቀነሱ። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ተመራማሪዎች ደግሞ ወላጅ ብቻ የሚሳተፍበት ፕሮግራም ወላጅና ልጅ አብረው ከሚሳተፉበት ጋር ተመሳሳይ ውጤት እንዳለው አይተዋል። ይህ ለእኛ ከተማ ትልቅ ዜና ነው፤ ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ በትራፊክ ውስጥ ማመላለስ የግድ አይደለም።

ምን ይሠራል ብትሉ፣ የኤፕስታይን ዘዴ ምግቡን እንደ ትራፊክ መብራት ይከፍለዋል። ወደ እኛ ቤት ሳመጣው አረንጓዴው ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ነው። ቢጫው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፤ ይበላል፣ መጠኑ ይታያል። ቀዩ ለስላሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ቺፕስ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ። ቀዩ ቤት ውስጥ አይገዛም፣ ለማንም። ለቀጭኗ ታናሽ እህቱም። ጁስ ቤት የሚቀዳው ጁስ ስኳር ተጨምሮበት ከሆነ እሱም ቀይ ነው፣ "ያለ ስኳር" ብላችሁ እዘዙ፣ ወይም ፍሬውን ግዙ።

አሁን ወደ ድስቱ እንሂድ። ማታ ሽሮ ሲሠራ ከጀሪካን በዓይን የሚፈሰውን ዘይት አንድ ቀን ብቻ በሾርባ ማንኪያ ለኩት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፣ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጋር የሚቀራረብ ነው። ለአምስት ሰው ድስት ስድስት ሰባት ማንኪያ ይገባ ከነበረ ወደ ሦስት አውርዱት። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በትንሽ ውሃ አቁላሉት፣ ዘይቱን በኋላ ጨምሩ። ጣዕሙ ይቀራል ብላችሁ አትፍሩ፣ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ ማንም አይለየውም። ይህን ለልጁ ማስተማር አይቻልም። ወጡን የምትሠራዋ ሴት ካላወቀችውና ካላመነችበት፣ እናትና አባት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጥተው ማታ በሚገቡበት ቤት ውስጥ ምንም አይቀየርም።

የትሪውም ነገር አለ። አብሮ መብላት ደስ ይላል፣ ልጁ ስንት እንደበላ ግን አይታይም። በሥራ ቀናት ሁሉም በየሳህኑ ይብላ፣ ልጁ ብቻ አይደለም ሁሉም፤ እሁድ ወደ ትሪው ተመለሱ።

አያትን በክርክር አታሸንፉም። "ልጅ እኔ ቤት ይራባል እንዴ?" ካሉ ጉዳዩ ፍቅር ነው። "እማዬ፣ አንዴ አጉርሺው፣ ከዚያ ወክ ይዘሽው ውጪ" ብትሏቸው ግን ሥራ ሰጣችኋቸው። ፍቅራቸውን የሚያሳዩበት መንገድ ያገኛሉ። ቤት ውስጥ "ወፍዬ"፣ "ዱባው" የሚባል ጥሪም ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። በስሙ ጥሩት። በኪሎው የሚሾፍበት ልጅ ተደብቆ የሚበላ ልጅ ይሆናል፣ ይህን ማንም ወላጅ አይፈልግም።

ስለ ጾም ባጭሩ፦ ጾምን የኪሎ መቀነሻ አታድርጉት። በጾም ዘይት፣ ዳቦና ስኳር ያለበት ሻይ የሚበዛበት ቤት ብዙ ነው። ሃይማኖቱ በሃይማኖትነቱ ይቀጥል፣ ድስቱን ግን ልኬት ያዙለት።

ሙሉውን ፕሮግራም በአንድ ጣሪያ ሥር ካላገኛችሁ ገጣጥሙት። ሐኪም በሦስት ወር አንዴ። የሥነ ምግብ ባለሙያ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለስድስት ወር። ይህ ብቻ 26 ሰዓት ይሞላል። ክፍያው ከከበዳችሁ ከልጁ ትምህርት ቤት አራት አምስት ቤተሰብ ሁኑና ቅዳሜ ጠዋት አንድ ባለሙያ በጋራ ያዙ። እንግሊዝ አገር ሜንድ የሚባለው ፕሮግራም ሲጠና እንዲህ በቡድን ነው የተሠራው፣ በ9 ሳምንት 18 ጊዜ እየተገናኙ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ለ12 ሳምንት ቤተሰቡ በነፃ ይዋኝ ነበር። ቦታው ለሁላችሁም የሚቀርብ ይሁን። አራት ኪሎ ለሚማር ልጅ ሰሚት ያለ ምርጥ ፕሮግራም በሦስተኛው ሳምንት ይቋረጣል።

ተስፋችሁንም አስተካክሉ። ኮክሬን በ2017 ከ12 እስከ 17 ዓመት ባሉት ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሲደምር፣ የአኗኗር ፕሮግራም ውስጥ የገቡት ካልገቡት በአማካይ የሚለዩት በ3.7 ኪሎ ገደማ ነው። በትንንሾቹ ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ልጅ ሳያለከልክ ሲወጣ፣ ደም ግፊቱ ሲወርድ፣ ሌሊት ሳያንኮራፋ ሲያድር ሚዛኑ ላይ አይታይም።

በዕድሜ ስትመርጡ

ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስለ ኪሎ ምንም አትንገሩት፣ ሥራው ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። ከ6 እስከ 11 ወላጅ ላይ የሚያተኩረውን ምረጡ።

ከ12 በላይ ነገሩ ይለወጣል። የኪስ ገንዘብ አለው፣ የትምህርት ቤቱ ክበብ አለ፣ ስልክ አለው። ስለዚህ ለታዳጊው ለብቻው ከባለሙያው ጋር የሚያወራበት ሰዓት የሌለው ፕሮግራም አይበቃም፤ ግቡን ራሱ ያውጣ፣ እናንተ ኩሽናውን ያዙ። እንቅልፉን ደግሞ አትርሱ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ሰርቪስ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚወስደው ልጅ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ቲክቶክ ላይ ካመሸ ምንም ፕላን አይሠራለትም። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ስልክ ሁሉ ሳሎን ይደር፣ የእናንተም ጭምር። ራሱን እያስራበ፣ ተደብቆ እየበላ ወይም እያስመለሰ ከሆነ የኪሎውን ጉዳይ አቁሙና መጀመሪያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው።

ልትመዘግቡት ስትደውሉ የምትጠይቁት ይህ ይሁን። በጠቅላላው ስንት ሰዓት ነው? ወላጅ ይገባል? ካልገባን ምን ይሆናል? ካለቀ በኋላ ክትትል አለ? ውጤቱን በምን ትለካላችሁ፣ በኪሎ ብቻ ወይስ በዕድሜ ሰንጠረዥ? ከአምስቱ በሁለቱ ከተንተባተቡ ወደሚቀጥለው ደውሉ። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሦስት ቀን ልጁ የበላውንና የጠጣውን ሁሉ፣ ከነጉርሻው፣ ጽፋችሁ ያዙ፤ አንዱ ቀን ቅዳሜ ወይም እሁድ ይሁን። ወጥ የምትሠራዋንም ይዛችሁ ሂዱ። የታክሲዋን ክፈሉላት፣ የቀኑን ሥራ አቅልሉላት፣ ከባለሙያው ፊትም ከእናንተ እኩል ወንበር ላይ ትቀመጥ።